ለጠመንጃ ጠጋኙ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

የሚታመን የጠመንጃ ጠጋኝ ለምትፈልጉ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። የወንድሜን የአደን ጠመንጃ ያስተካከሉልን እሳቸው ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አይፈልጉም። ስለዚህ ስም አልጠራም። ሥራቸውን ግን እንዳልናገር አልከለከሉኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠመንጃው በእጅ የሚቀባበል፣ ባለ .308 ካሊበር ነው። ወንድሜ ቤት ውስጥ ፈታትቶ አጸዳው። መልሶ ሲገጥመው አዲስ ቴሌስኮፕ ጨመረበት። ብሎኖቹን ሁሉ አንድ ሳህን ውስጥ ደባልቋቸው ነበር። ሲጨርስ ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። መቀባበያው፣ ማለትም ጥይቱን ገፍቶ የሚያጎርሰውና ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ ወደፊት ሲገፋ ይሄዳል። እጀታውን ወደታች ለማጠፍ ሲሞክር ግን እምቢ አለ። በጉልበት ካልሆነ አይዘጋም፤ ለመክፈትም ትግል ነው።

መካሪ አልጠፋም። አንዱ «ዘይት አጠጣው» አለ። ሌላው «ሲሠራበት ይላላል» አለ። አንድ ሌላ ጠጋኝ ጋ ስንወስደው ደግሞ በቅጡ ሳያየው «መቀባበያውን ትንሽ ሞረድ ማድረግ ነው» አለን። እንኳንም አልሰማነው!

እኚህ ሰውዬ መጀመሪያ የጠየቁት ፈቃዱን ነው። ቀጥለው «ባዶ ነው?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ባዶ ነው» አላቸው ወንድሜ።

«አምንሃለሁ ልጄ። ግን አያለሁ።»

አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዞሩ። ካዝናውን አወጡ፣ መቀባበያውን ሳቡ፣ የጥይት ማደሪያውን በባትሪ አዩ። ማየት ብቻ አልበቃቸውም፤ በትንሽ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በኋላ ነው ችግሩን የጠየቁን።

መቀባበያውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው መብራት ስር ያዙት። ፊቱ ላይ ሁለት መቆለፊያ ጉብታዎች አሉት። እጀታው ሲታጠፍ እነሱ ዞረው ቦታቸው ውስጥ ይቆለፋሉ። አንደኛው ጉብታ አናት ላይ አዲስ የተፋቀች፣ የምታብለጨልጭ መስመር ነበረች። እኛ ብናያት እንኳ ከቁም ነገር አንቆጥራትም። እሳቸው ግን «ከላይ የሚነካው ነገር አለ» አሉና ቀጥታ ወደ ቴሌስኮፑ ሄዱ።

ቴሌስኮፑ የሚቀመጥበት ብረት ከጠመንጃው አካል ጋር የሚያያዘው በትናንሽ ብሎኖች ነው። አንድ በአንድ እያላሉ መቀባበያውን ሞከሩት። የፊተኛው ብሎን ሲላላ እጀታው በአንድ ጣት ወረደ። ወንድሜ አፉን ከፈተ። ብሎኖቹ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ ቁመታቸው ግን ይለያያል። ለኋላው የተሠራው ረጅሙ ብሎን ፊት ገብቶ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ጉብታውን ይፍቀው ነበር። አጭሩ ደግሞ ኋላ ሄዷል። እሱም ሌላ ጣጣ ነው። በሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ስለያዘ፣ ጠመንጃው ሲተኮስ በሚራገጠው ልክ ቴሌስኮፑ ቀስ በቀስ ከቦታው ይንቀሳቀስ ነበር።

ይህን ሲያስረዱት ወንድሜን አላሸማቀቁትም። ይኼ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ባለሙያ ሆኖ ደንበኛውን የማይሰድብ ስንት አለ?

የሞረዱን ሐሳብ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ጥይት ሲተኮስ ያን ሁሉ ግፊት ወደኋላ እንዳይመጣ የሚይዙት እነዚያ ጉብታዎች ናቸው። ለ.308 የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በአውሮፓ መለኪያ 4150 ባር ነው። የመኪና ጎማ እኮ ብዙውን ጊዜ ከ2 ባር ብዙም አያልፍም። ጉብታው ኃይሉን በሚሸከምበት ገጽ በኩል ቢሞረድ፣ ከጥይቱ ኋላ ያለው ክፍተት ይሰፋል። ቀለሁ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ነው የሚመጣው። «አንድ ብሎን ለማትረፍ ዓይን?» አሉ። የተፋቀውን ቦታ በአጉሊ መነጽር መርምረው፣ ኃይል የማይሸከመው ጎን ላይ ያለ ጭረት ብቻ እንደሆነ አረጋገጡ።

ቀሪው ሥራ ቶሎ አለቀ። ብሎኖቹን ወደየቦታቸው መለሱ። ቀዳዳዎቹን ከዘይት አጸዱ። ከሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አደረጉ። ቀዩን አይነኩም፤ እሱ ሙቀት ካላገኘ አይፈታም። ሲያጠብቁም በግምት አይደለም። የጥብቀት መለኪያ ባለው ቁልፍ፣ ቴሌስኮፑን አቅፈው የሚይዙትን ቀለበቶች ብሎኖች ወደ 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ አደረጉ። የጠመንጃውን አካል ከእንጨቱ ጋር የሚያያዙት ትልልቆቹ ብሎኖች ከዚያ እጥፍ በላይ ይፈልጋሉ። ትክክለኛው ልክ ከጠመንጃ ጠመንጃ ስለሚለያይ መጀመሪያ የአምራቹን መመሪያ ገልጠው ያያሉ። መጨረሻ ላይ በርሜሉና እንጨቱ እንደማይነካኩ ለማየት በመካከላቸው ወረቀት አሳለፉ፤ ሳይያዝ አለፈ። ባሩድ በሌለው የመለማመጃ ጥይትም አጉርሰው አስወጡት።

ከዚያ በተኩስ መለማመጃ ሜዳ ሞከርነው። በ100 ሜትር ላይ ምቶቹ ተሰብስበው አረፉ። መቀባበያውም እንደ ድሮው ሆነ።

እንከን የላቸውም አልልም። ቀርፋፋ ናቸው። «ነገ» ካሉ ነገ ላይሆን ይችላል። ስልክ አያነሱም። ሥራ ላይ እያሉ ወሬ ከጀመራችሁም ዝም ይሏችኋል። እኔ ግን በዚህ ሥራ ፈጣኑን ሰው እፈራለሁ። «ቃታውን አላሉልኝ፣ በትንሹ ሲነካ ይተኩስ» ብሎ የመጣን ሰው አሻፈረኝ ብለው ሲመልሱትም በዓይኔ አይቻለሁ። ገንዘብ ጠልተው አይመስለኝም።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት እግዚአብሔር ይስጥልን። ወንድሜ አሁን ብሎን ሲፈታ ካርቶን ላይ እየሰካ፣ ከጎኑ የወጣበትን ቦታ ይጽፋል። ያስተማሩት እርስዎ ነዎት።

የሚፈልግ ለብቻው ይጻፍልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ፈቃዳችሁንና የአምራቹን መመሪያ ያዙ። ጥይት ይዛችሁ አትሂዱ። ጠመንጃውንም እንዳለ ውሰዱት። ፈታትታችሁ በፌስታል ከወሰዳችሁት ይቀበሏችኋል፤ ግን ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጧችሁ።