የቤቴ ሰርቨር ከ9 ወር በኋላ፦ ዲስኩን ሳይሆን ኬብሉን ማስቀደም ነበረብኝ

ሁለት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ የቤት ማከማቻ ሰርቨር ከገዛሁ 9 ወር ሞላኝ። ስገዛው የተጨነቅኩት ስንት ቴራባይት እንደሚይዝ ነበር። በየቀኑ የሚሰማኝ ግን የፍጥነቱ ነገር ነው፤ ፍጥነቱን ደግሞ የሚወስነው ግንኙነቱ ነው።

መጀመሪያ ሰርቨሩን ራውተሩ ላይ ሰካሁትና ላፕቶፑን በዋይፋይ ተጠቀምኩ። ፊልም ለማየትም ሆነ ሰነድ ለመክፈት ምንም አላጎደለብኝም። ችግሩ የመጣው 400 ጊጋባይት ፎቶና ቪዲዮ ላሸጋግር ስል ነው። በሰከንድ 35 ሜጋባይት አካባቢ ነበር የሚሄደው። ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ። ዋይፋይ ላይ ሁሉም መሣሪያ አንዱን አየር ይጋራል፣ ተራም ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ ሲከፍት የኔ ፍጥነት ወዲያው ይወርድ ነበር።

ስለዚህ ላፕቶፑንም በኬብል አገናኘሁ። የኬብሉ ግንኙነት 1 ጊጋቢት በሰከንድ ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ይህ በስሌት 125 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ በተግባር 110 አካባቢ ይገኛል። እኔ ያገኘሁት 11 ብቻ! ከዋይፋይም ባሰ። የሰርቨሩን ሴቲንግ ስነካካ ሦስት ቀን አለፈ። ጥፋቱ የኬብሉ ነበር። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ 8 ሽቦዎች በ4 ጥንድ አሉ። 1 ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በሁለቱ ይሠራል። በር ሥር ሲረገጥ የኖረው ኬብሌ አንዱ ጥንድ ተበጥሶ ነበር። ግንኙነቱ አልተቋረጠም፤ ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ሜጋቢት ወረደ እንጂ። ፍጥነቱ 11 ወይም 12 ላይ ከቆመባችሁ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ።

ከአራት ወር በፊት ወደ 2.5 ጊጋቢት ተሻገርኩ። ሰርቨሩ ለዚህ ፍጥነት የሚሆን ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ነበረው፤ ትንሽ ስዊች (ብዙ የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ሳጥን) እና ለላፕቶፑ የዩኤስቢ የኔትወርክ አዳፕተር ጨመርኩ። ደስ ያለኝ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ኬብል አለመንካቴ ነው። በ2016 የወጣው ይህ ደረጃ የታሰበው ቀድሞ ለተዘረጋ ኬብል ነው፤ ካት 5ኢ በሚባለው የተለመደ የኔትወርክ ኬብል ላይ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። አሁን ትልልቅ ቪዲዮ በሰከንድ 190 ሜጋባይት ገደማ ይገለበጣል። ከዚህ በላይ እንዳይፈጥን የሚይዘው ኔትወርኩ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ራሱ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፎቶዎች ላይ ግን ልዩነቱ ብዙም አይታይም።

10 ጊጋቢት አጓጉቶኝ ነበር፣ ተውኩት። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ትርፉ ትንሽ ነው። በተራ ኬብል የሚሠሩት ፖርቶች ይሞቃሉ፣ መብራትም ይበላሉ። ሰርቨሩ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) የተሞላ ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ።

የሰርቨሩን ሁለት የኔትወርክ ፖርቶች እንደ አንድ መስመር ማጣመርም ሞክሬያለሁ። አንድ ላፕቶፕ አንድ ፋይል ሲገለብጥ የሚሄደው በአንዱ መስመር ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲጠቀም ነው። እኛ ቤት ያን ያህል ሰው ስለሌለ ፈታሁት።

ዩኤስቢን የምጠቀመው በወር አንዴ ለባክአፕ (ለመጠባበቂያ ቅጂ) ብቻ ነው። የዩኤስቢ ዲስኩን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ኔትወርኩ ውስጥ ቫይረስ ቢገባ እንኳ እዚያ አይደርስም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፦ አዳፕተሩ ረጅም ሥራ ላይ በጣም ይሞቃል፣ ሁለት ጊዜም ተቋርጦብኛል። ቀጣዩን ላፕቶፕ ስገዛ 2.5 ጊጋቢት ፖርት ያለውን ነው የምመርጠው።