ደሴ ላለችው ሲስተር ምስጋና፣ የወር አበባ ለቀረባችሁም ጥቆማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ለምትሠራ አዋላጅ ነርስ ትልቅ ምስጋና አለብኝ። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ።

ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምትሠራው። የወር አበባዋ መዘግየት ጀመረ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ከስታ ቀሚሱ ላይዋ ላይ ይዞር ነበር።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ "ስታገቢ ይስተካከላል" ብለው ሳቁባት። ሌላው ጋ ምንም ሳይጠይቁ ኪኒን ሰጧት፤ ደሙ መጣ፣ ኪኒኑ ሲያልቅ ተመልሶ ጠፋ። አንዱማ እናታችን ፊት "ያስወረድሽው ነገር አለ?" አላት። ልጅቷ እስከ መናኸሪያ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣትም። የከፈልነው ገንዘብ ይቅር፣ ያቺ ንግግር ግን እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ሲስተር ጋ የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ዛሬ ምን በላሽ?" የሚል ነበር። "ሻይ ጠጥቻለሁ" አለች እህቴ። "ትናንትስ?" ዝም። ኋላ ነው ቀስ ብላ ያወጣችው። ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለእናታችን ሲከፈል ለምሳ አይተርፍም ነበር። ለእኛ ትንፍሽ አላለችም።

ሲስተር ምንም አላለችም። ተነስታ እጇን ታጠበች፣ የራሷን ምሳ ዕቃ ከፈተች፣ ሽሮ የተቀባውን እንጀራ ለሁለት ከፈለችና "ነይ፣ ቢስሚላህ በይ" አለቻት። እሷ ክርስቲያን ናት። የወሎ ሰው ይህን ያውቀዋል። አብረው በሉ። እህቴ እየበላች ታለቅሳለች፣ ሲስተር "አብሽሪ፣ አብሽሪ" ትላታለች።

ከዚያ አስረዳችን። ሆድ ባዶ ሲሆን ጨጓራ ግሬሊን የሚባል የረሃብ ሆርሞን ያመነጫል፣ ስንበላ ይቀንሳል። ሥራው ግን ምግብ ማስፈለግ ብቻ አይደለም። ረሃቡ ሲከርም፣ አንጎል እንቁላል እንዲወጣ የሚልከውን ትዕዛዝ ከሚያዳክሙት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ስብ ሲቀንስ ደግሞ ሌፕቲን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ይቀንሳል፣ ይሄም ለአንጎል "አቅም የለም" የሚል መልእክት ነው። ትዕዛዙ ሲሳሳ እንቁላል አይወጣም፣ የወር አበባም ይቀራል። "ስንቅ የሌለው ቤት እንግዳ አይጠራም" ነው ያለችን። በዚህ ከቆየች አጥንቷም እንደሚሳሳ ነገረችን። ሌላም ብዙ አለች፣ እኔ የያዝኩት ይህን ነው።

ግሬሊንን ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ያገኙት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው አሉ። "በልተሻል ወይ?" ብሎ ለመጠየቅ ግን ሆርሞን ማወቅ ያስፈልግ ነበር? እስቲ ፍረዱ።

በግምት አልሠራችም። የእርግዝና፣ የእንቅርት ሆርሞንና የወተት ሆርሞን ምርመራ እንዲሠራ አደረገች፣ ከሐኪሙ ጋር ሆና ውጤቱን አየች። ሌላ በሽታ እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ነው ምግቡ ላይ የተረባረበችው። ውድ ነገር አላዘዘችም። ጠዋት በሶ፣ ከፈረቃ በፊት ቆሎና ኦቾሎኒ፣ ምስር፣ ሲገኝ እንቁላል። ለጾም ጊዜም አፍጥር ላይና ሱሁር ላይ በደንብ እንድትበላ መከረቻት። እኛም ለእናታችን የሚላከውን ተካፈልነው። ስልክ እየደወለች "ምሳ በላሽ?" ትላት ነበር፤ በራሷ ካርድ!

ወራት ወሰደ፣ ግን አልሃምዱሊላህ፣ የወር አበባዋ ያለ ኪኒን ተመለሰ። ፊቷም ሞላ። ሲስተር፣ አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ፣ ጀዛኪላህ ኸይር። እጅሽ ይባረክ።

እህቶቼ፣ በተለይ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩ፣ የወር አበባችሁ ከቀረ ዝም አትበሉ። ያገባችሁም፣ የወር አበባ ስለቀረ አይረገዝም ብላችሁ እንዳትተማመኑ፤ የወር አበባው ሳይመለስ እንቁላል ቀድሞ ሊወጣ ይችላል ብላናለች። ልጆቻችሁ ሲከሱ ያያችሁ እናቶች፣ ይዛችኋቸው ሂዱ። እባካችሁ ሂዱ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ጠዋት ሰልፍ ይበዛል፣ ከሰዓት ብትሄዱ ረጋ ብላ ታነጋግራችኋለች።