የመኪና ሙቀት ላስመረራችሁ የጅማ ሰዎች፦ ምስጋናና ጥቆማ

ጽሁፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የመኪናዬን ማሞቅ የገላገሉኝን መካኒክ፣ እኚህን ሰው ሳላመሰግን ዝም ብል ግን ይቆጨኛል።

መኪናዬ አሮጌ ዲኤክስ ናት። የአባቴ ነበረች። እሱ ካረፈ በኋላ ዘመድ አዝማዱ «ሽጧት፣ ብረት ሳትሆን» ሲል እማዬ እምቢ ብላ ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። አሁን እንጀራዬ ናት። ከዴዶ አትክልት ጭኜ እየመጣሁ ጅማ ላሉ ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ።

ችግሯ አንድ ነበር። ታሞቃለች። ሜዳ ላይ ስትከንፍ ምንም አትልም። ዳገት ስትይዝ ወይም ሐሙስ ገበያ ቀን ሂርማታ መርካቶ ጋ ባጃጁ፣ ጋሪውና ሰዉ ሲጨናነቅ የሙቀቱ መርፌ ቀጥ ብሎ ወደ ቀዩ ይወጣል። ከኮፈኑ ስር ጭስ የመሰለ እንፋሎት፣ ከኋላ የባጃጅ ጥሩንባ፣ ከጎን ደግሞ «ሴትዮ፣ አጥፊው! አጥፊው!» የሚል ጩኸት። ጎመኔ ፀሐይ ላይ ሲጠወልግ ቆሜ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም።

ያልሄድኩበት ጋራዥ የለም ብል አላጋነንኩም። የየትኞቹ እንደሆኑ አልናገርም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ። አንዱ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት «ሞተር መውረድ አለበት» አለኝ። ሌላው የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ተርሞስታት አውልቆ ጣለና «በቃ፣ ከዚህ በኋላ አታሞቅም» ብሎ ብሬን ተቀበለ። በሳምንቱ አሞቀች። አንዱማ ጭራሽ «ከባልሽ ጋር ነይና እናውራ» አለኝ። ባል የለኝም እንጂ ቢኖረኝስ፣ ራዲያተሩ ምን አገባው?

ከሁሉ የባሰው ፋን የገጠመልኝ ነው። «ኤሌክትሪክ ፋን ያስፈልግሻል» አለኝ። ሐሳቡ ልክ ነበር፣ ይህን አልክድም። የመኪናዬ ፋን በቺንጋ፣ ማለትም በጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቀስ ሲል እሱም ቀስ ይላል። በጣም ንፋስ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይለግማል ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ግን መኪናዋ ቆማም ቢሆን በሙሉ ጉልበቱ ይዞራል። ታዲያ ሰውየው ያለውን ትልቁን ፋን አመጣ። «ትልቅ ስለሆነ አሪፍ ነው።» የሞተሩ ውሃ ከሚቀዘቅዝበት ከራዲያተሩ ፊት ለፊት አስጠግቶ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ በራዲያተሩ ክንፎች መሃል አሾልኮ ጠፈረው። ሽቦውን ደግሞ በቀጥታ ከባትሪ ወደ አንዲት ማብሪያ ጎተተ። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቴ አጠገብ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሽቦው ቀልጦ ነበር። መኪናዋም ከበፊቱ ብሳ ታሞቅ ጀመር። ተመልሼ ስሄድ «የመኪናሽ እድሜ ነው» አለኝ። አሁን ስጽፈው እንኳን ደሜ ይፈላል።

አጂፕ አካባቢ ያሉትን አባት የጠቆመኝ የሰፈሬ ባለባጃጅ ነው። እሱም ይባረክ። ጋራዣቸው በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ቦታ ናት። «ጋሼ፣ መኪናዬ እያሞቀች ተሰቃየሁ» አልኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ እንዲህ ነው፦ «ልጄ፣ የምታሞቀው ስትቆሚ ነው ወይስ ስትሄጂ?»

ይህን ያን ሁሉ ጋራዥ ስዞር አንድም ሰው አልጠየቀኝም! ነገርኳቸው። ፈጥኜ ስሄድ ደህና ከሆነች ንፋሱ ራሱ ያቀዘቅዛታል፣ ስቆምና ዳገት ስይዝ ግን ያ ሥራ የፋኑ ነው አሉኝ። ቀጥለው ከደብተር ላይ አንድ ቅጠል ገነጠሉ። ሞተሩን አስነሱኝ፣ ፋኑን አስበሩኝ፣ ወረቀቷን ከመኪናዋ ፊት ለፊት ወደ ራዲያተሩ አስጠጓት። ለቀቅ ሲያደርጓት ተወርውራ ፊታቸው ላይ ተለጠፈች። ሳቁ። ወረቀቷን ከጢማቸው ላይ እያነሱ «ወደ ውስጥ መሳብ ነበረባት» አሉ። «ፋንሽ የሚነፋው ወደ ውጪ ነው። መኪናዋ ስትሄድ ከፊት ከሚመጣው ንፋስ ጋር ይጣላል።» በአንዲት ወረቀት! የሠራውን ሰው ማንነት አልጠየቁኝም፣ አልሰደቡትምም።

እዚህ ጋ ነው ልቤን የነኩት። «እሺ፣ አዲስ ፋን ዛሬውኑ ግጠሙልኝ» ብዬ ብር ቆጥሬ ሰጠኋቸው። መለሱልኝ። የእጅ ባትሪ አብርተው ራዲያተሩን አሳዩኝ። ክንፎቹ መሃል ጭቃና የሞተ ነፍሳት ታጭቋል፣ በክዳኑ በኩል ሲታይ ደግሞ ውስጡ ዝጓል። «ፋን የተደፈነ ራዲያተር አያድንም። መጀመሪያ አሳጥቢው። ምናልባት ፋን ላያስፈልግሽም ይችላል።» እጁ የገባ ብር የሚመልስ ባለሙያ በዚህ ዘመን አይታችኋል? መኪና ውስጥ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። የድካም ነው መሰለኝ።

አሳጥቤ ተመለስኩ። ብዙ ተሻላት፣ ሐሙስ ገበያ ላይ ግን አሁንም ትንሽ ከፍ ትል ነበር። ያኔ ፋን ወደ መምረጡ ገባን። ትልቁን ባለ 16 ኢንቹን ራዲያተሩ ላይ ለክተው አሳዩኝ፣ ጠርዙ ወደ ውጪ ይተርፋል። «ይሄ የተረፈው ለማን ነው የሚያናፍሰው?» አሉ። ደግሞም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የኔ ዳይናሞ አሮጌ ነው፣ ትልቅ ፋን ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ባለ 14 ኢንቹን መረጡ። ከራዲያተሩ ኋላ፣ በሞተሩ በኩል፣ ንፋሱን ስቦ የሚያሳልፍ። ማሰሪያ ፕላስቲክ የለም፣ በብረት እግር ነው የቆመው። ንፋሱ ከራዲያተሩ ሁሉም ጥግ እንዲሳብ ብለው በላሜራ ዙሪያውን ሸፈኑት። ከዚያ ፊውዝ፣ ሪሌ የሚሏት ትንሽ ጥቁር ሳጥን፣ ወፍራም ሽቦ። ይሄኛው ክፍል አልገባኝም፣ አልዋሽም።

የገባኝን ግን ልንገራችሁ። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው። የኔ ክዳን ጎማው አልቆ ስለነበር እሱንም ቀየሩት። ተርሞስታቱንም መልሰው ከተቱ።

ሲጨርሱ «ሂጂ» አላሉኝም። ሞተሩን አስነስተው ትተው ቡና አስመጡ። ሁለተኛውን ሲኒ ይዤ ሳወራ ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑ በራሱ ተነሳ፣ እኔም ደንግጬ ቡናዬን ቀሚሴ ላይ ደፋሁት። ትንሽ ዞሮ በራሱ ጠፋ። ማብሪያ የለ፣ መጨነቅ የለ። እሳቸው ግን አልበቃቸውም። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ የማታውንም አስበው የፊት መብራቱንና መጥረጊያውን አንድ ላይ አስከፍተው ዳይናሞው መቻሉን ለኩ።

የድሮውን የቺንጋ ፋን ከነብሎኖቹ በጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝ። «አትጣይው። ኤሌክትሪክ ነውና አንድ ቀን መንገድ ላይ እምቢ ቢልሽ ይሄን አስመልሰሽ አሳስረሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ።» ስለ እኔ እንዲህ ያሰበ ባለሙያ ገጥሞኝ አያውቅም።

አሁን ሐሙስ ገበያ መሃል ቆሜ ሬዲዮ እሰማለሁ። መርፌው መሃል ላይ ነው። ባለፈው እማዬን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። የጊቤን በረሃ ወርደን ዳገቱን ስንይዝ ኮፈናቸውን ከፍተው የቆሙ መኪኖች አየን። እማዬ መርፌውን እያየች ዱዓዋን ታደርጋለች። ዳገቱን ስንጨርስ «አባትሽ እዚህ ጋ ውሃ ሳይጨምር አልፎ አያውቅም» አለችኝ። እሷም አሁን ለእኚህ ሰው ዱዓ ታደርግላቸዋለች። እድሜና ጤና ይስጥልን፣ እጃቸው አይንጠፍ!

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጻፍኩም፣ «ሰው ይበዛብኛል፣ ተይው» ስላሉኝ ነው። የምር ለቸገረው በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። እባካችሁ ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት ሂዱ። ሴቶች፣ በተለይ እናንተ ሂዱ፣ ማንም «ባልሽን ጥሪ» አይላችሁም። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ስለሚዘጉ ከሰዓት ሂዱ። ራዲያተራችሁንም አሳጥባችሁ ሂዱ፣ አለዚያ እንደኔ ብራችሁን መልሰው ይሸኟችኋል።