ቤት ውስጥ ለሚታይ ኮንሰርት «ዘ ላስት ዋልትዝ» ወይስ «ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ»?

ቅዳሜ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ኮንሰርት ማየት ለሚፈልግ ሰው ሁሌም ሁለት ፊልሞችን ነው የምጠቁመው። አንዱ የማርቲን ስኮርሴዚ «ዘ ላስት ዋልትዝ» ነው፣ ሌላው የጆናታን ዴሚ «ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ»።

የመጀመሪያው «ዘ ባንድ» የተባለው የሮክ ቡድን የስንብት ኮንሰርት ነው። በ1976 (በፈረንጆቹ) ሳንፍራንሲስኮ ዊንተርላንድ አዳራሽ ተቀርጾ በ1978 ወጣ። ቦብ ዲላን፣ ጆኒ ሚቼል፣ መዲ ወተርስ፣ ሁሉም በእንግድነት መድረክ ላይ ይወጣሉ። ገና ሲጀምር ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እውነት ነው፣ በቲቪው ትንሽ ስፒከር ብቻ ካያችሁት ግማሹ ይቀርባችኋል። ችግሩ ቃለ መጠይቁ ነው። ዘፈኑ ልባችሁን ሲይዘው ወሬ ይገባል።

ሁለተኛው የሮክ ባንዱ የ«ቶኪንግ ሄድስ» ኮንሰርት ነው፣ ወሬ የለውም። ዘፋኙ ዴቪድ በርን ጊታርና ቴፕ ይዞ ባዶ መድረክ ላይ ብቻውን ይገባል፣ ከዚያ በየዘፈኑ ሰው እየተጨመረ፣ የመድረክ ሠራተኞቹም ዕቃ እየገፉ እያስገቡ፣ ሳታስቡት ሙሉ ባንድ ፊታችሁ ቆሞ ይጨፍራል። ካሜራው አይቸኩልም። የአዳራሹን ሕዝብ እስከ መጨረሻው ገደማ ብዙም አያሳይም፣ ስለዚህ ሶፋ ላይ ያላችሁት እናንተ ታዳሚ ትሆናላችሁ። ለቤት የሚመቸው ለዚህ ነው። 88 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በ2023 ታድሶ ስለወጣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው።

እንግዳ ካለ ሁለተኛውን እከፍታለሁ። ብቻዬን ከሆንኩና ከመሸ ግን፣ ከበሮ እየመታ ለሚዘፍነው ለ«ዘ ባንዱ» ሌቮን ሄልም ድምፅ ስል ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ።