ወገቤን ላቆሙልኝ የኮምቦልቻ ቤተሰቦች ምስጋና (ጥቆማም ነው)

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች እንዴት ናችሁ፣ ይሄን ፅሁፍ ልፃፍ ልፃፍ እያልኩ ሁለት ወር አለፈኝ፣ ዛሬ ግን ሱብሂን ግንባሬን ምንጣፍ አስነክቼ ሰግጄ ስነሳ በቃ ሳልፅፍ አልውልም አልኩ። አንድ አመት ሊሞላኝ ምንም ሳይቀረው እኮ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር ስሰግድ የነበረው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በእግር ሚረገጥ ሲንጀር ላይ 14 አመት ቁጭ ብያለሁ። ወገቤን መጀመሪያ የነካኝ በ2014 ጥቅምት ላይ በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ የማሽኑን ጭንቅላት በነጠላ ጠቅልዬ ተሸክሜ ነው፣ ከዛ ተመለስን፣ ያዝ ለቀቅ እያረገኝ ቆየና አምና የኢድ ሰሞን (ስራ ሚበዛበትን ጊዜ ታውቁታላችሁ) የወደቀ መቀስ ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ እዛው ቀረሁ። ከወገቤ ተነስቶ በዳሌዬ ወርዶ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ነው ያረገኝ። ሰው ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ ወለል ላይ ተኛሁ፣ አንድ ወጌሻ ጋ ሄጄ ደሞ ጀርባዬን በጉልበቱ ተጭኖ ሲጎትተኝ ከበፊቱ ብሶ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። በመጨረሻ ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ኤል 5 እና ኤስ 1 ሚባሉት አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል ተባለ፣ ለኦፕራሲዮን ሚያደርስ አይደለም ስፖርት ስሪ ብለው መድሃኒት ፅፈው ላኩኝ። የቱን ስፖርት እንደምሰራ፣ እንዴት እንደምሰራው ሚያሳየኝ ሰው ግን አላገኘሁም።

አንዷ ደንበኛዬ ናት ኮምቦልቻ እነዚህ ሰዎች ጋ ሂጂ ያለችኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ግን ወገብ ያመመው ሰው ሐረጎን ሲወርድ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር እንደሚሆንበት ያየ ነው ሚያውቀው፣ እያንዳንዷ ጥምዝ ላይ የፊተኛውን ወንበር ይዤ እንባዬ ሲወርድ አጠገቤ ያሉ እናት እጄን ይዘው ነው ያደረሱኝ።

ወገብ ያመመውን ሰው ስፖርት ሚያሰሩበትን ቤት ቤተሰቡ ባንድ ላይ ነው የከፈተው። አባትየው (ስማቸውን ልፃፍ ብላቸው አይሆንም ስላሉኝ ጋሼ ልበላቸው) ከ20 አመት በላይ በባቲ በሚሌ አርገው ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። እሳቸውም እንደኔው ዲስክ ወጥቶባቸው ስምንት ወር አልጋ ላይ ነበሩ፣ መኪናው ተሸጠ። ያኔ ልጃቸው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ትማር ነበር፣ እረፍት በመጣች ቁጥር ስፖርት ታሰራቸዋለች፣ ስትሄድ በስልክ ትከታተላለች፣ እናትየው ደሞ ዛሬ ስንት ደቂቃ ተራመደ የቱ ጋ አመመው እያሉ ደብተር ላይ ይፅፋሉ። ሲሻላቸው መኪናው ይቆምበት የነበረውን ቆርቆሮ ቤት ሲሚንቶ አስደርገው ከፈቱት፣ ወንዱ ልጅ ብየዳ ስለሚችል መራመጃ ድጋፉን በውሃ ቧንቧ እራሱ ሰራው። ልጆቹ ዌልነስ ስቱዲዮ ነው ሚሉት፣ ጋሼ ግን ማፍታቻ ቤት ነው ሚሏት።

የመጀመሪያ ቀን ልተኛና እሹኝ ብዬ ስጠብቅ ልጅቷ ማንም እንዲነካኝ አልፈቀደችም፣ መጀመሪያ የሀኪም ወረቀቴን አየች፣ በተረከዝ በጣት አስኬደችኝ፣ ሽንት ላይ ችግር አለ ወይ፣ መቀመጫሽ አካባቢ ይደነዝዝሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከዛ በሆዴ አስተኝታ በክርኔ ቀስ ብዬ ቀና እንድል አረገችኝ፣ ህመሙ ከእግር እየሸሸ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ጥሩ ነው አትፍሪ፣ ወደ ታች ወደ ጣት ከሮጠ ግን አቁሚና ንገሪኝ አለችኝ። ይሄንን በዛ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው ነግሮኝ አያውቅም ነበር። አብዛኛው ሰው ላይ የወጣ ዲስክ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ኦፕራሲዮን እንደሚሻለውም እሷ ናት የነገረችኝ፣ እኔ እኮ እድሜ ልኬን እንዲህ ነው ምቀረው ብዬ ማሽኑን ለመሸጥ ደላላ አናግሬ ነበር።

ከአልጋ አነሳስ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። እዛው ምንጣፍ ላይ ተኝተው አሳዩኝ፣ መጀመሪያ በጎን መዞር፣ እግርን አንድ ላይ ከጠርዝ ማውረድ፣ ከዛ በእጅ እየገፉ መነሳት፣ ወገብ ሳይጠመዘዝ። "አብሽሪ ልጄ እኔም በዚሁ ነው የተነሳሁት" አሉኝ፣ ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ ሀኪም ሲነግርህና ያመመው ሰው ሲነግርህ አንድ አይደለም። ጥግ ላይ የድሮው መኪናቸው ወንበር አለ፣ ሲሸጡ እሱን አስቀርተውታል፣ ሹፌር ሲመጣ እዛ ላይ ያስቀምጡትና ጀርባውን እንዴት እንደሚያስደግፍ፣ መሪው ምን ያህል መቅረብ እንዳለበት፣ ሲወርድ እንዴት መውረድ እንዳለበት ያሳዩታል። ለኔም የማሽኔን ፎቶ ጠይቀው አይተው ወንበርሽ አጭር ነው ከፍ አርጊው አሉኝ፣ በየ30 ደቂቃው ተነስቼ እንድራመድ ስልኬ ላይ አላርም ሞሉልኝ፣ አሁንም ይጮሃል አሁንም እነሳለሁ።

አንድ ቀን ደሞ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ወገቡን ይዞ መጣ፣ ከትናንት ጀምሮ ሽንት አልመጣልህ ብሎታል፣ ጭኑ መሃል ደንዝዟል። ልጅቷ ምንጣፍ ላይ እንኳን አላስተኛችውም፣ ይሄ የኛ ስራ አይደለም አሁኑኑ ሆስፒታል ብላ ወንድሟን ጠርታ በባጃጅ አስኬደችው፣ ብርም አልተቀበሉትም። ያን ሳምንት ኦፕራሲዮን ሆኖ ዛሬ ይራመዳል አልሃምዱሊላህ። ሁሉንም እናድናለን ብሎ ፖስተር ለጥፎ ብር ሚሰበስብ በበዛበት ጊዜ እኛ አንችልም ሂድ ሚል ቤት ማግኘት ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰውን በድፍረት ምልካቸው ለዚህ ነው። ሽንት ወይ ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘ፣ እግሩ እየሰነፈ የሄደ ሰው ካላችሁም እባካችሁ ማፍታቻም ወጌሻም ሳትሉ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።

እኔ ሳምንት ሁለቴ እየተመላለስኩ አራት ወር ፈጀብኝ፣ ቶሎ አልተሻለኝም፣ ሁለተኛው ወር ላይ ተስፋ ቆርጬ ቀርቼ ነበር። እትዬ ደብተሩን ይዘው ደወሉልኝ፣ መጀመሪያ ቀን 4 ደቂቃ ነበር የተራመድሽው ባለፈው ሳምንት 25 ነው ብለው አነበቡልኝ። በበነጋታው ሄድኩ። ሰላት ሲደርስም መስገጃ ዘርግተው ቦታ ሚለቁልኝ እሳቸው ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፣ ወሎ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም እኔ ግን አልረሳውም።

ጋሼ፣ እትዬ፣ ልጆቹ፣ ፈጣሪ ጤናችሁን ይስጣችሁ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ።

መሄድ ምትፈልጉ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ ስልካቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ለማየት አያስከፍሉም፣ የሀኪም ወረቀት ካላችሁ ያዙ፣ ሰፋ ያለ ሱሪ ልበሱ፣ ከደሴ ምትወርዱ ጋቢያችሁን ቤት ተዉት ኮምቦልቻ ይሞቃል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሰው ቀለል ይላል።