ባሕር ዳር ላይ የጥንዶች ምክር፦ እኛ ያየነው

ከባለቤቴ ጋር ባሕር ዳር ወዳለ አንድ የጥንዶች ምክር መስጫ ስንመላለስ ከረምን። ትዳሩ የጨነቀው ሰው ቢሄድ ደስ ይለኛል። ግን ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ይሂድ።

የእኛ ጠብ በብር ነው። ባለቤቴ የአዴት ልጅ ነው። ለአጎቱ ተዝካር ሳያማክረኝ ቃል ገባ፤ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስቀመጥነው ብር ወጣ። ሽማግሌ ገባ። እግዜር ይስጣቸው፣ ደክመውልናል። ጥፋተኛውን ለዩ፣ ይቅር አባባሉን፣ መርቀው ሄዱ። ሌላ ተዝካር ሲመጣ ግን ያው ጠብ ተነሣ።

አማካሪዋ ማን አጠፋ አላለችም። መጀመሪያ ለየብቻ አነጋገረችን። እኔን "ቤት ውስጥ የምትፈሪው ነገር አለ? መትቶሽ ያውቃል?" ብላ ጠየቀችኝ። ዱላ ባለበት ቤት ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማናዘዝ የምትመታዋን ለባሰ አደጋ ያጋልጣል አለች። የእኔ ምላሽ አልመታኝም ነው። ግን ይህን ጥያቄ ሽማግሌዎቻችንም ቢለምዱት እንዴት ደግ ነበር!

ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው መልስ ሳይሰጥ የሰማውን ይደግማል። ባለቤቴ "ዘመዶችህን አልወድም እያለችኝ ነው" አለ። "እንደዚያ አላለችም፤ ያለችውን ንገራት" አለችው። ደጋግሞ ሞክሮ በመጨረሻ "ሳልነግርሽ ስወስን እንዳልቆጠርኩሽ ተሰምቶሻል" አለኝ። እንባዬ መጣ። የእሱ ተራ ሲደርስ ደግሞ "ባዶ እጄን አገሬ ስገባ አባቴን ያዋረድኩት ይመስለኛል" አለ። ይህን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ትዳርን የሚጎዱ ብሎ ከለያቸው አራት ነገሮች አንዱ ዘግቶ ዝም ማለት ነው፤ ሌሎቹ ነቀፋ፣ ንቀትና ራስን መከላከል ናቸው። እኛ ቤት ኩርፊያ ሳምንት ይዘልቅ ነበር። አሁን ነገር ሲግል ቢያንስ 20 ደቂቃ እንለያያለን። ሕጉ፣ የምንመለስበትን ሰዓት ተናግሮ መውጣት ነው። ባለቤቴ ጣና ዳር ዞር ዞር ብሎ በሰዓቱ ይመጣል።

ተዝካሩ ላይ ዛሬም አንስማማም። ጎትማን 69 በመቶ የሚሆነው የጥንዶች አለመግባባት ከርሞም የማይፈታ ነው ይላል፤ አያያዙን ማወቅ ነው። እኛም ለዘመድ የሚሆን ብር በየወሩ አብረን እናስቀምጣለን። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ ይደውልልኛል።

ቅሬታም አለኝ። ክፍሎቹን የሚለየው ኮምፔርሳቶ ስለሆነ የጎረቤት ክፍል ድምፅ ይሰማል። ሰው የቤቱን ጉድ አውጥቶ ለሚናገርበት ቦታ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ቀጠሮውም ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ብቻ ነው። ከመራዊ ወይም ከዳንግላ የሚመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሥራ ይፈታል። ቅዳሜ ቢከፍቱ ብዙ ሰው ይደርሱ ነበር። እስከዚያው የጠዋቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ ያዙ፤ ያኔ ቀጣዩ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው።