የራዲያተር ግፊት መሞከሪያ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

መኪናችሁ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እየጎደለባት የት እንደሚሄድ ካልታወቀ ይህን ዕቃ ግዙ። ወራት ተጠቅሜበታለሁ፤ በራሴም በጎረቤትም መኪና ሞክሬዋለሁ። ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ግን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ዕቃው ቀላል ነው። ባለ ሰዓት (ግፊቱን በመርፌ የሚያሳይ) የእጅ ፓምፕ፣ አጭር ቱቦ፣ በየመኪናው የራዲያተር አፍ ልክ የተሠሩ ክዳኖች፣ የመኪናውን ክዳን ራሱን ለብቻው ፓምፑ ላይ የሚያገጥም የክዳን መሞከሪያ። በቃ። እኔ የገዛሁት ሶማሌ ተራ ነው፤ ስሙ የማይታወቅ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው።

የገዛሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። የመኪናዬ የኩላንት መጠባበቂያ በየጊዜው ዝቅ ይላል። ከሥር ጠብታ የለም። ነጭ ጭስ የለም። የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ ነገር የለበትም። ያሳየሁት ሰው ሁሉ ግን አንድ ቃል ነው የሚለኝ፦ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ ይውረድ።» ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ። ቴስታታ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ ጓርኒሲዮን አለ፣ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚስተካከልበት) አለ፣ ጋራዥ ውስጥ መክረም አለ። ይህ ሁሉ ተከፍሎ ችግሩ ሌላ ቦታ ቢሆንስ? ገንዘቡን ማንም አይመልስም። ስለዚህ ከመፍታት በፊት መለካት ይቅደም አልኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። በትኩሱ ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል፣ በዚህ ቀልድ የለም። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሙሉ። ከዚያ ልኩን ክዳን ግጠሙና ፓምፑን ምቱ። እስከ ስንት? የራዲያተሩ ክዳን ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። የእኔ 1.1 ባር ይላል። ከዚያ በላይ አትሂዱ፤ አሮጌ ራዲያተር ደህና እያለ ሊቀደድ ይችላል። ከዚያ አስር፣ አስራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ካልወረደ የማቀዝቀዣው ሲስተም ቢያንስ ቀዝቃዛ ሳለ ግፊት ይዟል ማለት ነው። ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ።

የእኔ ወረደ። በጣም ቀስ እያለ፣ ግን ወረደ። ከሥር አሁንም ጠብታ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃ ውስጥ ነው» ብሎ ቴስታታውን ይፈርድበታል። መርፌው የሚናገረው ግን መፍሰሱን ብቻ ነው፤ ቦታውን አይናገርም። ቦታውን የሚያገኘው ዓይን ነው። የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዤ እያንዳንዱን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተልኩ። ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ዳሰስኩ፤ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ሲያፈስ እዚያ ይረጥባል፣ የመኪናው የፊት መስታወትም በጉም ይሸፈናል። ደረቅ ነበር።

ኩላንቱን በሞተሩ ውስጥ የሚያዞረው ዋተር ፓምፕ ጋ ስደርስ አገኘሁት። ከቺንጊያው (ከሚያዞረው ቀበቶ) በስተጀርባ፣ ፓምፑ አካል ላይ የክብሪት እንጨት የማትበልጥ ቀዳዳ አለች። የተሠራችው ሆን ተብሎ ነው፤ የፓምፑ ውስጣዊ ማሸጊያ ሲያረጅ ኩላንቱ ወደ ቦል ቤሪንጉ እንዳይገባ በእሷ ይወጣል። ከቀዳዳዋ ወደ ታች ቀጭን ሮዝ ቅርፊት ወርዷል። በጥፍር ስትነኩት ይፈረፈራል። ግፊቱን መልሼ ሞላሁና መስታወቱን ያዝኩ። ትንሽ ቆይቶ ቀዳዳዋ አፍ ላይ አንዲት ዕንባ አበጠች። ለካ በመንገድ ላይ ጠብታው የጋለ ብረት ላይ እያረፈ መሬት ሳይደርስ ይተን ነበር። ዋተር ፓምፑ ተቀየረ። እንደገና ሞከርኩ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ቴስታታው እስከ ዛሬ አልተነካም።

አዲስ አበባ ለሚነዳ ሰው ደግሞ የክዳን መሞከሪያው ብቻውን ዋጋ አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና ሞተር ደግሞ መደበኛ የሥራ ሙቀቱ እዚያው ግድም ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ 1.1 ባር ሲይዝ የውሃው መፍያ እዚህ ከፍታ ላይ ወደ 118 ዲግሪ ይወጣል። የጎረቤቴ መኪና ሲሞከር የመሞከሪያው መርፌ ቀጥ ብሎ ቆሞ ኩላንት ግን ይጎድል ነበር። ክዳኑን ለብቻው ብንሞክረው ከተጻፈበት ግፊት ግማሽ ሳይደርስ ለቀቀ። የተቀየረው ክዳኑ ብቻ ነው። የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ለሚወጣ ሰው ይቺ ትንሽ ክዳን ቀላል ነገር አይደለችም።

ዕቃው የማይደርስበት ቦታም አለ። አንዳንድ ቀዳዳ ብረቱ ሲግል ብቻ ይከፈታል፣ በቀዝቃዛው ሙከራ አይታይም። ጓርኒሲዮን በትክክል ተበልቶ ከሆነም አንዳንዴ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ኩላንቱ ይገባል እንጂ ኩላንቱ አይወጣም። ለዚህ መሞከሪያውን እንደገጠማችሁ፣ ፓምፑን ሳትመቱ፣ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሱ። ውሃው ገና ሳይሞቅ መርፌው ወደ ላይ ከተወነጨፈ ጋዝ እየገባ ነው፤ ወዲያው አጥፉት። ማረጋገጫው በሰማያዊ ፈሳሽ የሚሠራው ሌላው መሞከሪያ ነው። ቤንዚን ሞተር ላይ የተቃጠለ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠውን) ማውጣትም ይረዳል፤ ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የነጻ ካንዴላ ካለ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ኩላንት ይገባል።

አሁን ወደ ዕቃው ጉድለት። ጎማ ቀለበቶቹ ደካማ ናቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ የአንዱ ክዳን ቀለበት ተሰነጠቀና መርፌው ያለ ምክንያት መውረድ ጀመረ። ይህ አደገኛ ነው፣ ደህናውን ሞተር በሽተኛ ያስመስላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ፓምፑን ከክዳን መሞከሪያው ጋር አገጣጥሜ፣ ጫፉን ዘግቼ እመታዋለሁ። ለብቻዋ ግፊት ከያዘች ወደ መኪናው እሄዳለሁ። የሰዓቱ ቁጥሮች ደቃቅ ናቸው፣ በምሽት አይነበቡም። ቱቦውም ትንሽ ቢረዝም ጥሩ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። ቀዳዳ ይደፍናል እየተባለ የሚጨመረውን ዱቄትና ፈሳሽ እኔ አልመክርም፤ የማሞቂያውን ቀጫጭን መንገድም አብሮ ይደፍናል። የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመርም ውስጡን ያዝጋል። የሚቀዳውን ኩላንት ደግሞ ሜዳ ላይ አትተዉት፤ ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ሕፃንና ውሻ ይጠጡታል።

ልትገዙ ስትሄዱ የራዲያተራችሁን ክዳን ነቅላችሁ ያዙ። ሻጩ ፊት ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ክዳኖች ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ከገጠመ ትርፍ ጎማ ቀለበት እዚያው ጨምራችሁ ግዙ።